ስንት ሰው ጠቀሰው? ማንስ አነበበው?

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ፌስቡክ ላይ አንድ ወቅት አለ። የምርጥ 2 በመቶ ሳይንቲስቶች ዝርዝር የሚወጣበት ወቅት። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት የስታንፎርዱ ጆን ዮአኒዲስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በዋናነት የሚያዩት የሰውየው ጽሑፍ በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ነው። እዚህ እኛ ጋ ሲደርስ ፖስተር ይሠራለታል። የምሁሩ ፎቶ፣ የዩኒቨርሲቲው አርማ፣ ከሥሩ ደግሞ የሚጎርፍ «እንኳን ደስ ያለዎት»። እኔም ላይክ አደርጋለሁ። አንዳንዶቹን በአካል አውቃቸዋለሁ። መብራት በሚጠፋበት ላብራቶሪ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች ናቸው፤ ይገባቸዋል።

የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ኮሜንቱን እስከ ታች ወርጄ ባነብም «ለመሆኑ ምን አገኙ?» የሚል ሰው አላይም። ቁጥሩ ከወጣ በቃ፣ ጥያቄው ያለቀ ይመስለናል።

ማስተርሴን በኬሚስትሪ ነው የሠራሁት። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ብሆንም የባትሪ ነገር አልለቀቀኝም። አብረውኝ የተማሩት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ እዚያው ቀርተዋል። ስንገናኝ ወሬው ሁሉ ስለ ሳይቴሽን ነው። «ስንት ደረሰልህ?» ይባባላሉ። የተሠራው ሥራ ምን እንደሆነ የሚነሳው ሁለተኛው ቡና ላይ ነው፣ ከተነሳ።

ለማያውቅ ልንገር። የአንድ ተመራማሪ የጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎችን የሚመዘግበው የጉግል አገልግሎት) ገጽ ሲከፈት በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ አለች። መጀመሪያ ጠቅላላ ሳይቴሽን፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች በጽሑፋቸው ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት። ቀጥሎ ኤች-ኢንዴክስ። ይህን ያመጡት ሆርሄ ሂርሽ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ፊዚሲስት ናቸው፣ በ2005 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ስሌቱ ቀላል ነው። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ፔፐሮች (የታተሙ የምርምር ጽሑፎች) ካሉህ ኤች-ኢንዴክስህ 10 ነው። 20 እንዲሆን እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ፔፐሮች ያስፈልጉሃል። ብዙ መጻፍንም ብዙ መጠቀስንም ባንድ ላይ ይለካል ተብሎ ነው የተወደደው። ሂርሽ ራሳቸው በኋላ፣ በ2020፣ ይህ ነገር ያላሰቡትን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ጽፈዋል። የሰማቸው ግን ያለ አይመስለኝም።

ባትሪና ሶላር ሴል ላይ የሚሠራ ሰው እዚህ ጨዋታ ላይ ዕድለኛ ነው። መስኩ ሞቃት ነው። በየቀኑ አዲስ ፔፐር ይወጣል፣ እያንዳንዱም በመጨረሻው ገጽ ብዙ ሰው ይጠቅሳል። የባትሪ ፔፐር ያዘወተረ ሰው መግቢያውን በቃሉ ይወጣዋል። የዓለም የኃይል ፍላጎት እየጨመረ ነው። ነዳጅ አየሩን እየበከለ ነው። ፀሐይና ነፋስ ደግሞ ሁሌ አይገኙም። ስለዚህ ጥሩ ባትሪ ያስፈልጋል። ከዚያ ቅንፍ ይከፈትና ከ1 እስከ 7 ተብሎ ይዘጋል፤ ሰባት የሌሎች ሰዎች ፔፐር ተጠቀሰ ማለት ነው። እነዚያ ሰባቱ ተነበው ነው ወይ የገቡት? አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ ሰው ፔፐር መግቢያ ተለቅመው፣ ሊላክ ሲል በመጨረሻው ሌሊት የተለጠፉ ናቸው። ሰባቱም ግን ይቆጠራሉ።

የሒሳብ ሰዎች በዚህ ይናደዳሉ፣ እውነታቸውን ነው። እነሱ ዘንድ አንድ ጥሩ ሥራ በአሥር ዓመት የሚሰበስበውን ሳይቴሽን አንድ መካከለኛ የባትሪ ፔፐር ባጭር ጊዜ ይሰበስበዋል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ አንድ ሰው ነው፤ ወደ ሊቲየም ባትሪው ሳይንቲስት ወደ ጆን ጉድኢናፍ። ቁጥር የሚወድ ሰው ቁጥራቸውን ቢያይ ይጠግባል፤ ፔፐሮቻቸው በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ የተጠቀሱትም በብዙ አሥር ሺዎች ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩና ታሪካቸው የማይገጥሙበት ቦታ ነው።

የተወለዱት በ1922 ነው፣ ጀርመን ውስጥ ዬና ከተማ፣ ከአሜሪካውያን ወላጆች። ልጅ ሳሉ ማንበብ ይቸግራቸው ነበር፤ ዲስሌክሲያ ነው፣ በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀላቸውም። ዬል ሒሳብ ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር የአየር ጠባይ ትንበያ ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ ፊዚክስ ሊማሩ ሺካጎ ሲመዘገቡ አንድ ፕሮፌሰር ምን እንዳሏቸው በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ይናገሩት ነበር። ፊዚክስ ላይ አንድ ቁም ነገር የሠራ ሰው ሁሉ አንተ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ሠርቶ ጨርሷል፣ ነው ያሏቸው። ያኔ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበሩ።

ኤምአይቲ ሊንከን ላብራቶሪ ገብተው ለኮምፒውተር የማግኔት ሜሞሪ ሠሩ። በ1976 ኦክስፎርድ ሄደው የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላብራቶሪን መምራት ጀመሩ። የዚያን ጊዜ 54 ዓመታቸው ነው። በእኛ አገር ልማድ ወንበር አውጥቶ በረንዳ ላይ ስለ ጡረታ የሚታሰብበት ዕድሜ። የሊቲየም ባትሪ ሥራቸውን የጀመሩት እዚህ ነው።

በዚያው ሰሞን የኤክሶን ኩባንያ ባልደረባ የነበሩት ስታንሊ ዊቲንግሃም ሊቲየምን ታይታኒየም ሰልፋይድ ውስጥ የሚያስገባ ባትሪ አሳይተው ነበር። ቮልቴጁ ከ2 ትንሽ ከፍ ይላል። ጉድኢናፍ ሰልፋይድ ሳይሆን ኦክሳይድ ብንጠቀም ቮልቴጁ ይጨምራል አሉ። ሥራውን የሠሩት ግን እሳቸው ብቻ አይደሉም። ኮይቺ ሚዙሺማ ከጃፓን መጡ፤ ፊዚሲስት ናቸው። ፊሊፕ ዋይዝማንና ፊሊፕ ጆንስም ነበሩ። ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን ሞከሩት። እንደ ተደራረበ እንጀራ አድርጋችሁ አስቡት፤ እንጀራው ኮባልትና ኦክስጅን ነው፣ በየመሀሉ ሊቲየም አለ። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ከመሀል ይወጣል፣ ስንጠቀምበት ተመልሶ ይገባል። ከግማሽ በላይ ከወጣ ድርድሩ መናጋት ይጀምራል፤ ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቀመው። ቢሆንም 4 ቮልት ሰጠ። ከቀደመው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ውጤቱ በ1980 ታተመ። ሰባት ገጽ ናት። የወጣችውም ዛሬ ምሁራን «እዚያ ካላወጣሁ» ብለው ከሚሞቱላቸው ጆርናሎች በአንዱ ላይ አይደለም፤ ማቴሪያልስ ሪሰርች ቡለቲን ላይ ነው። ኦክስፎርድ የፈጠራ መብቱን ላስመዝግብ አላለም። መብቱ ሃርዌል ለሚገኘው የእንግሊዝ የአቶሚክ ምርምር ተቋም ተሰጠ፤ ጉድኢናፍም ፈረሙ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ከተሸጠው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ የሮያሊቲ ሳንቲም አልደረሳቸውም።

የአሜሪካና የአውሮፓ ባትሪ ሠሪዎችም ዞር ብለው አላዩዋትም። ምክንያቱ ሲሰማ ያስቃል። እነሱ የለመዱት ተሞልቶ ከፋብሪካ የሚወጣ ባትሪ ነው። ይህ ግን ባዶውን ተሠርቶ በኋላ ቻርጅ የሚደረግ ነው። አሠራራችን እንዲህ አይደለም ብለው ተዉት።

እንግዲህ በ1982 መጨረሻ አንድ ሰው የጉድኢናፍን ገጽ ቢከፍት ኖሮ (ጉግል ስኮላር ያኔ የለም፣ እንበልና) ያቺ ሰባት ገጽ የት ቦታ ትገኝ ነበር? ታች። ከማግኔት ሥራዎቻቸው ሥር። ለስኮላርሺፕ ወይም ለማዕረግ የሚወዳደር ሰው ሊያወራላት የማይደፍር ፔፐር።

በዚያው ዓመት የመጨረሻ የሥራ ቀን፣ ጃፓን ውስጥ፣ አሳሂ ካሴ በሚባል ኩባንያ አኪራ ዮሺኖ የሚባሉ ኬሚስት ላብራቶሪያቸውን እያጸዱ ነበር። ጃፓኖች ዓመት ሲያልቅ ቤቱንም ቢሮውንም አገላብጠው ያጸዳሉ። ጽዳቱ ጠዋት አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም። ዮሺኖ አስመጥተው ጊዜ ያጡላቸውን ወረቀቶች ማንበብ ያዙ። ችግራቸው ይህ ነበር፦ ለኔጌቲቩ ጎን የሚሆን ፖሊአሴቲሊን የሚባል ፕላስቲክ አላቸው፤ ፕላስቲኩ ግን የራሱ ሊቲየም የለውም። ስለዚህ ሊቲየሙን ይዞ የሚመጣ ፖዘቲቭ ያስፈልጋቸዋል። በጊዜው የሚታወቁት አብዛኞቹ ግን ሊቲየም የላቸውም። የኦክስፎርዷን ሰባት ገጽ ሲያነቡ የሚፈልጉት እዚያ አለ። ፈረንጆቹ የጠሉት ያ «ባዶውን የሚሠራ» የሚለው ነገር ለእሳቸው መፍትሔ ሆነ።

በአዲሱ ዓመት ሞከሩት፣ ሠራ። በኋላ ፕላስቲኩን በካርቦን ለወጡት፤ በ1985 የዛሬው ሊቲየም አዮን ባትሪ መልኩን ያዘ። በ1991 ሶኒ ገበያ ላይ አወጣው። በ2019 ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ የኬሚስትሪ ኖቤል ተካፈሉ። ጉድኢናፍ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ኖቤል የተቀበለ ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

እኔን የያዘኝ ያ ከሰዓት በኋላ ነው። በሳይቴሽን ቆጠራ የዮሺኖ ንባብ ዋጋው አንድ ነው፤ ለዚያውም ከጠቀሱ። ያ በመጨረሻው ሌሊት የተለጠፈው የሰባቱ ቅንፍም እያንዳንዱ አንድ ነው። ቆጣሪው ሁለቱን አይለያቸውም። አንዱ ሰው አንብቦ ሥራውን ቀየረበት። ሌላው ርዕሱን እንኳን አልጨረሰም። ሁለቱም እኩል ነጥብ ይዘው ገቡ።

ሁለተኛዋ ፔፐር ደግሞ አለች። ኦክስፎርድ የጡረታ ዕድሜ ግዴታ ስለሆነበት ጉድኢናፍ በ1986 ቴክሳስ፣ ኦስቲን ሄዱ። አሜሪካ እንዲያ አይልምና። በ1997 ከፓዲና ከናንጁንዳስዋሚ ጋር ሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌትን አሳተሙ፤ 75 ሊሞላቸው ወራት ሲቀሯቸው። ዛሬ ኤልኤፍፒ የሚባለው ነው። ኮባልት የለውም። ብረትና ፎስፌት ርካሽ ናቸው፣ መርዝም አይደሉም። ችግሩ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አይወድም፤ ፈጠን ብለህ ልትስበው ስትል ይለግማል። ጸሐፊዎቹ ይህን አልደበቁም። አነስተኛ ኃይል ለሚፈልግ ባትሪ ጥሩ ነው ብለው ነው ያቀረቡት። ቃል በቃል ትንሽ ነገር ነው የጠየቁለት።

ከዚያ ሌሎች መጡ። ዱቄቱን አድቅቀው በስስ ካርቦን ሸፈኑት። ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ያ ካርቦን የሚመጣው ከስኳር ነው። አዎ፣ ከስኳር። ከዱቄቱ ጋር ትቀላቅለዋለህ፣ ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ውስጥ ታሞቀዋለህ፣ ስኳሩ ከስሎ እያንዳንዷን ቅንጣት ይለብሳታል። ያ ልግመኛ ነገር ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ጀመረ። ቻይኖች አነሱት፤ መኪና ሠሪው ቢዋይዲ በ2020 ብሌድ ያለውን ባትሪ ያወጣው በዚሁ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ ቦሌ መንገድ ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ከሚያልፉን መኪኖች ብዙዎቹ ይህንኑ ዱቄት የተሸከሙ ናቸው። «ለአነስተኛ ኃይል» የተባለው።

ይቺ ፔፐር በብዙ ሺህ ጊዜ ተጠቅሳለች። እሰየው። ግን የሚገርም ነገር ላንሳ። ጉድኢናፍ በ2010 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ስለ ሊቲየም ባትሪ ችግሮች ሪቪው ጻፉ። ሪቪው ማለት ሌሎች የሠሩትን ሰብስቦ ማስረዳት ነው፤ አዲስ ግኝት የለበትም። ያ ሪቪው ኖቤል ካስገኘችው የ1980 ፔፐር በላይ ተጠቅሷል። ሊያስደንቀን አይገባም፤ መግቢያ ላይ ለመለጠፍ ሪቪው ይመቻል። ስምህን በቁጥር ማሳደግ ከፈለግህ ምድጃ አያስፈልግህም ማለት ነው።

ደግሞ ስሌቱን አስቡት። የ1980ዋንና የ1997ቷን ብቻ ጽፎ ብዕሩን ያስቀመጠ ሰው ቢኖር ኤች-ኢንዴክሱ 2 ነው። ሁለት! ለረዳት ፕሮፌሰርነት እንኳን ቢያመለክት ኮሚቴው ይስቅበታል።

ሚዙሺማስ? የ1980ዋ ፔፐር የመጀመሪያ ጸሐፊ እሳቸው ናቸው። ኖቤሉ ሲታደል ስማቸው አልነበረም። ኖቤል ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም፤ ደንቡ ነው። በ2010 የእንግሊዝ ኬሚስቶች ማኅበር ኦክስፎርድ ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ ሲያኖር ግን አራቱንም ስም ጻፈ። ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ተባረክ ልለው እወዳለሁ።

ሌላም አለ፤ ይህኛው አከራካሪ ነው። በ2017፣ በ94 ዓመታቸው፣ ጉድኢናፍ ከፖርቱጋላዊቷ ማሪያ ሄለና ብራጋ ጋር ኤሌክትሮላይቱ (በሁለቱ ጎኖች መሀል ሊቲየሙ የሚያልፍበት ነገር) መስታወት ስለሆነ አዲስ ባትሪ ጻፉ። ቶሎ ቻርጅ ይሆናል፣ አይቃጠልም ተባለ። ጋዜጦች ተንጫጩ። የባትሪ ሰዎች ግን ግራ ገባቸው። በሁለቱም ጎን ያው ንጹሕ ሊቲየም ካለ ኃይሉ ከየት ይመጣል? በጽሑፍ ተቃውሞ አቀረቡ። ለመቃወም ደግሞ መጥቀስ ግድ ነው። ስለዚህ ትችቱ ሁሉ ሳይቴሽን ሆኖ ገባ፤ ያመነም የተጠራጠረም አንድ አንድ ቆጠረ። የሚያሳዝነው፣ የሳይቴሽን መዝገብን ሐሳብ በ1955 ያመጡት ዩጂን ጋርፊልድ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነበር፦ ተመራማሪ ትችት የቀረበበትን ጽሑፍ ሳያውቅ እንዳይጠቅስ። መዝገቡ የተሠራው ሰው ወደ ክርክሩ ሄዶ እንዲያነብ ነው። እኛ ድምሩን ወሰድንና ክርክሩን ተውነው።

ይህን ሁሉ ስል ቁጥር ይቅር ማለቴ አይደለም። ቁጥር ባይኖር የሚተካው ዘመድና ጉርብትና መሆኑን እናውቀዋለን። አለቃው የሚወደው ያድጋል፣ የማይወደው ይቀመጣል። ቢያንስ ሳይቴሽን አለቃህን አያውቀውም። የኔ ቅሬታ ሰው ቁጥሩን አይቶ ፔፐሩን ሳይከፍት መሄዱ ላይ ነው። በተለይ እኛ አገር፣ አርጎን ጋዝ አልቆ ወራት በሚጠበቅበት፣ ማሽኑ ተበላሽቶ የሚጠግነው በሚጠፋበት ቦታ፣ ቁጥር ብቻ የተጠየቀ ልጅ ምን ያደርጋል? ላብራቶሪውን ይዘጋና ሪቪው ይጽፋል። ወይ ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት የሚያትም ጆርናል ይፈልጋል። ልጁን አልፈርድበትም። የተጠየቀውን ነው ያመጣው።

አንድ ጓደኛዬ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ከትልልቅ የውጭ ሰዎች ጋር ስለ ባትሪ የጻፈው ሪቪው ብዙ ተጠቅሶለታል። ባለፈው ስንገናኝ «ከሥራህ አንዱን ብቻ አንብብ ብትለኝ የቱን ትሰጠኛለህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና ስለ ምጣድ የጻፈውን አለኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ ብዙ ሙቀት ሸክላውን ለማሞቅ ይሄዳል። እሱ ከተለያየ ቦታ የመጣ ሸክላ ሰብስቦ ሙቀት እንዴት እንደሚያሳልፍ ለካ። የአገር ውስጥ ጆርናል ላይ ነው የወጣው። የጠቀሰው ሰው የለም ማለት ይቻላል።

«ግን አንድ ምጣድ ሠሪ ስልኬን አፈላልጎ ደወለልኝ» አለ። «አባባ ናቸው፣ ትልቅ ሰው። ልጃቸው አንብባላቸው ነው። ውፍረቱን ስንት ላድርገው ልጄ? ይሉኛል። ከሰዓት በላይ አወራን።»

«የማዕረግ ፎርሙ ላይ ጻፍከው?» አልኩት።

«የት ላይ?» ብሎ ሳቀ።

ማዕረጉን ያገኘው በሪቪው ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ክትፎም ጋብዞናል። የምጣዱን ፔፐር ግን እንዲልክልኝ ለምኜው እስካሁን አልላከም። ይህን ሲያነብ ያፍር ይሆናል።